ከመሬት የወጣ ጠገራ ብር ይፈተግን?

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ አበው። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሰው በችኮላው ምክንያት ሥራውን ሁለት ጊዜ ለመሥራት ሲገደድ ነው። ይሁን እንጂ አፍሶ መልቀም የሚቻለው የፈሰሰው ነገር መሬት ላይ ሲገኝ ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ከጠፉ በኋላ ፈጽሞ የማይለቀሙ ነገሮችም አሉ። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ከእነዚህ የሚመደብ ነው።

እስቲ ይህን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ፒያሳ ውስጥ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙም በማይርቅ ሥፍራ፣ የአንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ግድግዳ ፈርሶ መሠረቱ ይቆፈራል። እናንተም አፈሩን በአካፋ ስትዝቁ አንድ ክብ ጥቁር ነገር ከእግራችሁ ሥር ይወድቃል። አንሥታችሁ አፈሩን ስታራግፉት ከጥቁረቱ ውስጥ የአንዲት ሴት መልክ ብቅ ይላል። ያገኛችሁት ጠገራ ብር ነው። በዚያች ቅጽበት በማንኛውም ሰው ልብ ውስጥ አንድ ፍላጎት ያድራል፤ ይኸውም ጥቁረቱን አስወግዶ የብሩን ነጭ መልክ የማየት ፍላጎት ነው። አመዱ ከምድጃው፣ ሎሚው ከገበያው፣ አሸዋው ከደጅ አይጠፋም። ታዲያ ብሩ ሊፈተግ ይገባልን?

በዚህ ጉዳይ የሰው አስተያየት በሁለት ይከፈላል። አንዳንዶች «የብር መልኩ ነጭ ነው፤ ጥቁረቱ እድፍ ነው፤ እድፍ ደግሞ ይታጠባል» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «እንደተገኘ ይቀመጥ» ይላሉ። እኔ በበኩሌ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ። ሆኖም ከመጀመሪያው ከዚህ ወገን አልነበርኩም። ወደዚህ አስተያየት ያደረሰኝ በገዛ እጄ የፈጸምሁት ስሕተት ስለሆነ አስቀድሜ እርሱን ልንገራችሁ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ቤታችን በሠራተኛ ሰፈር ነበር። በአንድ የክረምት ወቅት የጎረቤታችን የአንዲት ባልቴት ማድ ቤት ግድግዳ ከዝናቡ ብዛት የተነሣ ተደረመሰ። የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበን ፍርስራሹን ስናነሣ፣ ከምድጃው ሥር እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ሦስት ጥቁር ክቦች አገኘሁ። በላያቸው እንደ ቅርፊት የደረቀ ነገር ተለጥፎባቸው ነበር። ጨርቅ ይመስላል፤ ስነካው ግን ተፈረፈረ። ለባልቴቲቱ የምሥራች ለመንገር ብጓጓም ጥቁርና ቆሻሻ ነገር ይዤ መቅረቡ አሳፈረኝ። ስለዚህ ማንንም ሳልጠይቅ ብሮቹን በድንጋይ ጠርዝ ፈልቅቄ ለያየኋቸው። ከዚያም አመድና ደቃቅ አሸዋ በሎሚ ለውሼ በጆንያ ቁራጭ እጄ እስኪላጥ ድረስ ፈተግኋቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሦስቱም እንደ መስተዋት አበሩ።

ባልቴቲቱ ብሮቹን ተቀብለው አገላብጠው አዩአቸው። ይደሰታሉ ብዬ ስጠብቅ «ጨርቁስ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የቱ ጨርቅ፣ እማማ?»

«ገንዘብ ባዶውን አይቀበርም፣ ልጄ። በምን ተቋጥሮ ነበር?»

ታሪኩን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ወላጅ እናታቸው በጠላት ወረራ ዘመን ያላቸውን ጥቂት ገንዘብ በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ግቢው ውስጥ ቀብረው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች የአዲስ አበባን ሕዝብ መፍጀት በጀመሩበት ዕለት ከቤት እንደወጡ ሳይመለሱ ቀሩ። ባልቴቲቱ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። የተቀበረውን ገንዘብ ቦታ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ የእናታቸው መቀነት ጥለት ከዓይናቸው አልጠፋም ነበር። በዚያው ግቢ ግን ከእነርሱ በፊትም ሆነ በኋላ ብዙ ሰዎች ኖረውበታል። ስለዚህ የተገኘው ገንዘብ የእናታቸው ይሁን የሌላ ሰው ሊመሰክር የሚችለው ያ የተፈረፈረው ጨርቅና በብሮቹ ጥቁረት ላይ የቀረው የሽመናው አሻራ ነበር። እኔ ደግሞ እርሱን በአመድና በአሸዋ ደምስሼው ነበር።

ባልቴቲቱ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ኖሮ ምናልባት ጉዳዩን እረሳው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመለስ። በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ጥቁረቱ ምን እንደሆነ ነው። በእድፍና በጥቁረት መካከል ልዩነት አለ። እድፍ ከውጭ መጥቶ በብሩ ላይ የሚያርፍ አፈር፣ ቅባት ወይም አቧራ ነው። ጥቁረቱ ግን ከራሱ ከብሩ የተሠራ ነው። ብር በአየርና በአፈር ውስጥ ከሚገኝ የድኝ ውሁድ ጋር ሲገናኝ የላይኛው ገጹ ተለውጦ ጥቁር ሽፋን ይሆናል። ጨው ባለበት አፈር ውስጥ ብዙ ዘመን ሲቀበር ደግሞ ግራጫ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጠንካራ ቅርፊት ያበጃል። በጠገራ ብር ላይ አንዳንድ ጊዜ የሚታየው አረንጓዴ ነገር ከመዳብ የሚመጣ ነው። ጠገራ ብር ጥሩ ብር ብቻ አይደለምና። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከዚህ ውስጥ ጥሩ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ነው፤ የቀረው መዳብ ነው።

እንግዲህ ጥቁረቱን ፍቆ የሚያስወግድ ሰው ባዕድ ነገር አስወገድሁ ብሎ ያስባል እንጂ የሚያነሣው የብሩን የራሱን ቆዳ ነው። ሳንቲሙ በተመታበት ዕለት የተቀረጹት እጅግ ጥቃቅን መስመሮች የሚገኙትም በዚያው የላይኛው ገጽ ላይ ነው። አሸዋ ከብር ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ በያንዳንዱ ፍተጋ ገጹን ይጭረዋል። ጭረቱን የሚሽር መድኃኒት የለም። ብሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ይጠቁራል፤ የጠፋው መስመር ግን አይመለስም።

«ጥቂት መስመሮች ቢጠፉ ምን ይጎዳል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለውን መልስ የሚሰጠው ራሱ ጠገራ ብር ነው። በጠገራ ብር ላይ የምትታየው ሴት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ናት። በጀርባው ሁለት ራስ ያለው ንሥር አለ። በጠርዙ ዙሪያ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም ያላቸው የላቲን ቃላት ተቀርጸዋል። የተጻፈበት ዓመት ደግሞ እ.ኤ.አ. 1780፣ ማለትም ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ታዲያ አንድ ሰው ይህን አይቶ «ይህ ብር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል» ቢል ሊሳሳት ይችላል። ብሩ በቀይ ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮች ገበያ እጅግ ተፈላጊ ስለነበረ፣ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ያው መልክና ያው ዓመት ሳይለወጥ ሲመታ ኖሯል። ኦስትሪያ በራስዋ አገር መገበያያነቱን እ.ኤ.አ. በ1858 ብታስቀርም በእኛ አገር ግን ዋናው ገንዘብ እርሱ ነበር።

ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የአገሪቱ የራስዋ ገንዘብ እንዲኖር በአዋጅ ወስነው፣ የራሳቸው መልክና አንበሳ ያለበት ብር በፓሪስ አስመትተዋል። የመጀመሪያዎቹ 1887 ዓ.ም. የሚል ተጽፎባቸዋል። ሕዝቡ ግን ማርያ ቴሬዛን ለምዶ ስለነበር አዲሱ ገንዘብ አሮጌውን ከገበያ ለማስወጣት አልቻለም። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ታላቅ ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም ስለነበር፣ ዛሬ ፒያሳ ብለን በምንጠራው ሥፍራ አፈር ላይ የማርያ ቴሬዛ ብር፣ የምኒልክ ብር፣ አላድና ሩብ እንዲሁም አሞሌ ጨው ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ኖረዋል።

በኋላም ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትሰናዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ የብሩን መምቻ ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዳ በሮም ማርያ ቴሬዛን ማስመታት ጀመረች። ለወረራውም ሆነ ለወረራው ዘመን አስተዳደር ሕዝቡ የሚቀበለው ገንዘብ አስፈልጓት ነበርና። እንግሊዞችም በበኩላቸው በለንደን አስመቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941 ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ለተደረገው ጦርነት በቦምቤይ አስመቱ። ከዚያም በ1937 ዓ.ም. በወጣው የገንዘብ አዋጅ የኢትዮጵያ አዲሱ ገንዘብ ሲታወጅ ጠገራ ብር ከመገበያያነት እንዲወጣ ተደረገ። ብር የለመደውን ሕዝብ ለማግባባት ሲባል ከአዲሶቹ ሳንቲሞች መካከል ሃምሳ ሳንቲሙ ከመቶ ሰማንያ እጁ ጥሩ ብር ሆኖ ተሠርቶ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ምንድን ነው? በቪየና ለሰላማዊ ንግድ የተመታው፣ በሮም ለወረራ የተመታውና በቦምቤይ ለጦርነት የተመታው ሁሉም አንድ መልክ፣ አንድ ጽሑፍና አንድ ዓመት አላቸው። አንዱን ከሌላው የሚለየው በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት የዕንቁ ፍሬዎች አቀማመጥ፣ የንሥሩ የጅራት ላባ አደራደር፣ የጠርዙ ቅርጽ፣ ይህን የመሰለው ጥቃቅን ነገር ብቻ ነው። በጉልህ የተጻፈው ዓመት የብሩን ዕድሜ አይናገርም፤ ዕድሜውን የሚናገሩት ጥቃቅኖቹ መስመሮች ናቸው። ከፍታ ያላቸው ደግሞ እነርሱው ስለሆኑ አሸዋና አመድ አስቀድመው የሚበሏቸው እነርሱን ነው።

የሠራተኛ ሰፈሩን ነገር እንደገና አስቡት። ከሦስቱ ብሮች አንዱ በሮም የተመታ ቢሆን ኖሮ፣ ገንዘቡ የተቀበረው ከ1928 ዓ.ም. ቀደም ብሎ ሊሆን እንደማይችል እናውቅ ነበር። የባልቴቲቱ ጥያቄም በከፊል ይመለስ ነበር። ከጊዜ በኋላ ስለ ሳንቲሞች ዕውቀት ላለው ሰው ባሳየው፣ በአጉሊ መነጽር ለረጅም ጊዜ ተመልክቶ «ጭረቱ ስለበዛበት በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም» የሚል መልስ ሰጠኝ። ያ ጭረት የእኔ እጅ ሥራ ነበር።

የዱሮ ሰዎች በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ። በገበያ ላይ ጠገራ ብር የሚቀበል ሰው የንግሥቲቱ ዕንቁዎች ጎልተው መታየታቸውን በጣቱና በዓይኑ መርምሮ ነበር የሚቀበለው። መልኩ የደበዘዘውን «ይህ አይሄድም» ብሎ ይመልስ ነበር። እኛ ግን እነርሱ መርምረው የተቀበሉትን ምልክት አሳምረን እናጠፋለን።

ከእኔ አስተያየት በተቃራኒ የሚነሡትን ሐሳቦች በቅንነት መመልከት ተገቢ ነው። የመጀመሪያው «አያቶቻችን የብር ጌጣቸውን ያጥቡ አልነበረምን?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ያጥቡ ነበር። ብዙ እናቶች ጠገራ ብርን በማተብ ላይ አንጠልጥለው አንገታቸው ላይ ያደርጉት ነበር፤ አንጥረኞችም አቅልጠው መስቀልና አምባር ይሠሩበት ነበር። የሚደረግ ጌጥ በየጊዜው ቢጠረግ ነውር የለበትም፤ ከአንገት ላይ ስለማይለይ ታሪኩን ባለቤቱ ያውቀዋልና። ከመሬት የወጣ ብር ግን የሚናገርለት ባለቤት የለውም። ያለው ምስክር በላዩ ላይ ያለው ሽፋንና የተገኘበት ሥፍራ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ «ጥቁር ብር ማን ይገዛል? ሲያበራ ነው ዋጋ የሚያወጣው» የሚል ነው። ይህ አነጋገር እውነት ይመስላል፤ ግን ሐሰት ነው። እኔ የፈተግኋቸውን ብሮች ባልቴቲቱ ቸግሯቸው በአንድ ወቅት ዋጋቸውን እንድጠይቅላቸው ልከውኝ ነበር። በፒያሳ ከሚገኙት የብርና የወርቅ ሱቆች ወደ አንዱ ገብቼ ሳሳይ፣ ባለሱቁ በሚዛን አስቀምጦ የሚነግረኝ ዋጋ የብረቱ ብቻ መሆኑን ገለጸልኝ። «ሳትነካው ብታመጣው ኖሮ እንደ አሮጌ ገንዘብ ልናየው እንችል ነበር፤ አሁን እንደሚቀልጥ ብር ነው የማየው» አለኝ። በዓለም ላይ ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎችም የተፈተገን ሳንቲም ዋጋ እንደሚቀንሱ የታወቀ ነው። አጉሊ መነጽር ሲያዩበት ጭረቱ ሁሉ ይታያቸዋል። እንግዲህ ለገንዘብ ብሎ የሚፈትገውም ሰው ቢሆን የሚያጠፋው ያንኑ የፈለገውን ገንዘብ ነው።

ሦስተኛው ሐሳብ ከሁሉ የጠነከረ ነው። ይኸውም «መፈተጉ ጎጂ ከሆነ ሳይፈተግ በሚያነጣ ዘዴ እንጠቀም» የሚል ነው። በእርግጥም ብሩን ከአሉሚኒየም ወረቀት ጋር አስነክቶ፣ ሶዳ በተጨመረበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዝፉት፣ ድኙ ከብሩ ወደ አሉሚኒየሙ ስለሚሻገር ጥቁረቱ ያለ ፍተጋ ይለቃል። በሥነ ቅመም ትምህርት ይህ ደስ የሚል ሙከራ ነው፤ ለምግብ ማንኪያም ይጠቅማል። ነገር ግን ዘዴው የሚያድነን ከጭረት ብቻ ነው። በሽፋኑ ውስጥ የታተመው የጨርቅ አሻራ፣ የተጣበቀው ክር፣ ብሩ ከማን ጋር ጎን ለጎን እንደተቀመጠ የሚያመለክተው ምልክት ሁሉ ከድኙ ጋር አብሮ ይሄዳል። ከመሬት የወጣው ነገር ብር ብቻ መሆኑንም በዓይን ብቻ አይተን ልናውቅ አንችልም።

ለዚህ ከአክሱም ሳንቲሞች የተሻለ ምሳሌ የለም። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ገደማ ድረስ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች አስመትተዋል። ከብሩና ከመዳቡ መካከል በአንዳንዶቹ ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ቀጭን ወርቅ ተለብጦ ነበር። ይህ የአክሱም ሠራተኞች ልዩ ጥበብ ነው። እንዲህ ያለው ሳንቲም ከመሬት ሲወጣ አፈርና ዝገት ስለሚሸፍነው ወርቁ ላይታይ ይችላል። «ጥቁር ሳንቲም አገኘሁ» ብሎ በአሸዋ የሚፈትግ ሰው ያንን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ወርቅ ጠርጎ ይጥለዋል። በእጁ የሚቀረው ንጹሕ ሳንቲም ምን እንደነበረ ሳያውቅም ይኖራል።

ከዚህ ሌላ የሕጉ ጉዳይ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 አሮጌ ገንዘብን ከሚንቀሳቀሱ ቅርሶች መካከል ቆጥሮታል። ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲቆፈር ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለሚመለከተው ባለሥልጣን ማስታወቅና፣ ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንዳለ መጠበቅ እንዳለበትም ደንግጓል። «እንዳለ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። የተፈተገ ብር እንዳለ የተጠበቀ ብር ሊባል አይችልም። ቅርስ ፈልጎ ለመቆፈርም ፈቃድ ያስፈልጋል። በአሁኑ ዘመን ከመሬት ሥር ያለን ብረት በድምፅ የሚያመለክት መሣሪያ ስላለ፣ አንዳንዶች በየፍርስራሹ እየዞሩ የተቀበረ ሀብት ለመፈለግ ይመኛሉ። መሣሪያው ግን ብረት መኖሩን ይናገራል እንጂ የማን እንደሆነ አይናገርም። ያለ ፈቃድ የሚቆፍር ሰው ደግሞ ሕግ ከመጣሱም በላይ፣ ብሩ ከየትኛው የአፈር ንብርብር፣ ከምን ጋር እንደተገኘ የሚገልጸውን ማስረጃ በአንድ ቁፋሮ ያጠፋል።

ይህ በሌላ አገርም የታወቀ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በዚሁ መሣሪያ አሮጌ ሳንቲሞችን መፈለግ የብዙ ሰው የዕረፍት ጊዜ ተግባር ነው። በዚያ አገር ግን እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሕግ ስላለ ውድ ሀብት ያገኘ ሰው ማስታወቅ ይገደዳል። ለአግኚዎች ከሚሰጡት ምክሮች አንዱም «ያገኛችሁትን አታጽዱ» የሚል ነው።

ለእኛ ጉዳዩ ይበልጥ አስቸኳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ የፒያሳ አሮጌ መንደሮች ፈርሰዋል። ቤቶቹ ሲፈርሱ ከመቶ ዓመት በላይ ሰው የኖረበት አፈር ተገለጠ። የቤቱ ግድግዳ ከሌለ፣ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ከተበተነ፣ የሰፈሩን ታሪክ የሚነግሩን እንዲህ ያሉት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። እነርሱንም ፈትገን ካበራናቸው የሚቀረን ግራሙ የሚታወቅ፣ ታሪኩ የማይታወቅ ብረት ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ ብር ብታገኙ ምን ማድረግ ይገባችኋል? አንደኛ፣ ካነሣችሁበት ቦታ ከመራቃችሁ በፊት የት፣ በምን ያህል ጥልቀት፣ ከምን ጋር እንዳገኛችሁት በወረቀት ጻፉ። ሁለተኛ፣ ብሩን በጠርዙ እንጂ በገጹ አትያዙት፤ የእጅ ላብም ገጹን ይጎዳዋልና። የላላው አፈር በራሱ ቢረግፍ ይርገፍ፤ የተጣበቀውን ግን በጥፍርም ሆነ በቢላዋ አትፈልቅቁት። ሦስተኛ፣ ከሌላ ብር ጋር ተጣብቆ ወይም ጨርቅ ተለጥፎበት ከተገኘ አትለያዩት። አራተኛ፣ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠቅልላችሁ በደረቅ ሥፍራ አኑሩት እንጂ በጎማ አትሰሩት፣ በላስቲክም አትቋጥሩት። በጎማ ውስጥ ድኝ ስላለ ብሩን ይበልጥ ያጠቁረዋል። አምስተኛ፣ ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አስታውቁ። አምስት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ከፒያሳ በእግር የሚደረስ ነው።

«ታዲያ ከመሬት የወጣ ብር ለዘላለም አይጸዳም ማለት ነውን?» ብትሉኝ እንዲህ አላልኩም። አንዳንድ ዝገት ሥር እየሰደደ ብሩን ስለሚበላው መወገድ ያስፈልገዋል። ያን ለይቶ የሚያውቀው ግን በሙያው የሠለጠነ ሰው ነው። እርሱም ከመንካቱ በፊት ፎቶግራፍ ያነሣዋል፣ ይመዝነዋል፣ በአጉሊ መነጽር ይመረምረዋል። ከዚያ በኋላ የሚያስወግደውን ያስወግዳል፤ የሚተወውንም ይተዋል። የእኔ ክርክር ከመጽዳት ጋር ሳይሆን ሳያውቁ ከመቸኮል ጋር ነው። ሳይጸዳ የቆየን ብር ነገ ማጽዳት ይቻላል፤ ዛሬ የተፈተገን ብር ግን ነገ ወደ ነበረበት ለመመለስ አይቻልም። ከሁለት አድራጎቶች አንዱ የሚመለስ፣ ሌላው የማይመለስ ሲሆን፣ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው የሚመለሰውን መምረጥ ይገባዋል። ይህ ደንብ ለብር ብቻ ሳይሆን ለብዙ ነገር ይሠራል።

ባልቴቲቱ ሦስቱን ብሮች አልሸጡም። ባለሱቁ የሰጠኝን ዋጋ ነግሬአቸው «ይሻላል፣ ይሽጧቸው» ብላቸው፣ «የእናቴ ይሁን የሌላ ሰው ሳላውቅ እንዴት አድርጌ እሸጠዋለሁ?» አሉኝ። ብሮቹን በአንድ አዲስ ጨርቅ ቋጥረው ከሳጥናቸው አኖሩአቸው። በሌላ ጊዜ ቋጠሮውን ፈትተው ሲያሳዩኝ ብሮቹ እንደገና መጥቆር ጀምረው ነበር። ጥቁረቱ ተመልሷል፤ በሥሩ ግን የእኔ የአሸዋ ጭረት ከዳር እስከ ዳር ይታይ ነበር። እናንተ ከአፈር ውስጥ ጥቁር ብር ብታነሡ አመዱን ከመዝገናችሁ በፊት «ጨርቁስ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።